ስም የሌለበት ሥዕል የማን ነው?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጓደኛዬ ወደ 40 የሚጠጉ ሥዕሎች በፍላሽ ሰጠኝ። «ዱን» ለሚባል፣ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ሊሠራ ታስቦ ለቀረ የሳይንስ ልቦለድ ፊልም የተሣሉ ናቸው አለኝ። ደማቅ ሸንተረር ያላቸው የጠፈር መንኮራኩሮች አሉ፣ አጥንት የመሰለ ጥቁር ግንብ አለ፣ በቀጭን መስመር የተሣሉ አልባሳትም አሉ። አንዱም ላይ ስም የለም። ለትምህርት ቤታችን የሥዕል ክበብ ላሳያቸው ነበር፤ ግን የሠዓሊውን ስም ሳልጽፍ መስቀሉን ልቤ አልፈቀደውም። እንዴት ላግኛቸው?
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ልብህ እንቢ ማለቱ ደስ ብሎኛል። የሠሪዎች ስም የሚዘረዘረው ፊልሙ ሲያልቅ ነው፤ ፊልሙ ከቀረ ስሙም አብሮ ይቀራል። ለዚህ ነው እንዲህ ያሉ ሥዕሎች ባለቤት እንደሌላቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት።

ያንተዎቹ ግን ዕድለኞች ናቸው። ዳይሬክተሩ ጆዶሮቭስኪ በ1970ዎቹ አጋማሽ ለዚህ ፊልም ሦስት ትልልቅ ሠዓሊዎች ሰብስቦ ነበር። ፈረንሳዊው ዣን ዢሮ፣ በብዕር ስሙ ሞቢየስ፣ አልባሳቱንና ፊልሙን ትዕይንት በትዕይንት የሚያሳዩ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሥዕሎችን ሣለ። እንግሊዛዊው ክሪስ ፎስ መንኮራኩሮቹን ሠራ። በታሪኩ ውስጥ ክፉዎቹ የሆኑትን የሃርኮነኖችን ግንብ የሣለው ደግሞ የስዊዘርላንዱ ጊገር ነው። እንግዲህ ግምቱ ቀላል ይመስላል፣ ግን እዚህ ላይ አትቸኩል። ፎስም ጊገርም በኤርብራሽ (ቀለም በአየር በሚረጭ መሣሪያ) ይሠሩ ስለነበር መሣሪያው ብቻ አይለያቸውም፤ ቀለሙን እይ፣ ፎስ ደማቅ ሸንተረር ይወዳል፣ ጊገር ደግሞ ግራጫና አጥንት።

መንገዱን ለማየት ሩቅ አትሂድ፣ ሐይቃችን ጣና ላይ አለልህ። ደጋ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ያለ አንድ የ15ኛው ክፍለ ዘመን የእመቤታችን ሥዕል ላይ ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ስሙ ተጽፎ ይገኛል። (ደጋ ሴት ስለማይገባ እኔ የማውቀው በፎቶ ነው፤ አንተ ግን በጀልባ ሄደህ እየው።) አጥኚዎች ከዚያች አንዲት ስም ከተጻፈባት ሥዕል ተነሥተው፣ የፊት አሣሣሉን፣ የልብሱን እጥፋት፣ የመላእክቱን ክንፍ እያስተያዩ፣ ስም የሌላቸውን ሌሎች ሥዕሎች የእሱ ወይም የእሱ መንገድ ተከታዮች ናቸው ብለው ለዩ። አንተም እንደዚሁ አድርግ። መጀመሪያ በእርግጠኝነት የእነሱ የሆነውን ያዝ። ለምሳሌ በ1979 የወጣው «ኤሊየን» የሚባለው ፊልም ላይ ሦስቱም ሠርተዋል፤ አስፈሪው የጠፈር ፍጡር የጊገር ነው፣ የጠፈር ልብሶቹን ደግሞ ሞቢየስ ነድፏል። ከዚያ ያንተን ሥዕል አጠገቡ አድርገህ ትንሿን ነገር ተመልከት። ጣት እንዴት ይጨርሳል? ጥላውን በመስመር ነው የሚሠራው ወይስ በቀለም? ሠዓሊ ትልቁን ነገር አስቦበት ይለውጣል፣ ጣትና ጆሮ ላይ ግን እጁ የለመደውን ነው የሚሠራው።

ደግሞ አንድ ሥዕል ላይ ሁለት እጅ ሊኖር ይችላል፣ አንዱ የነደፈውን ሌላው ያቀልመዋልና። ከ40ው ምናልባት ግማሹ እንኳ አይለይልህ ይሆናል። ለእነሱ ባዶ ቦታ አትተው፤ «ሠዓሊው ያልታወቀ» ብለህ ጻፍ። ሲመስልህ ደግሞ «የፎስ ሳይሆን አይቀርም» በል፣ ምን አይተህ እንደዚያ እንዳልክም በአንድ መስመር ጨምርበት። የተሳሳተ ስም ስም ካለመኖር ይብሳል፤ አንዴ ከተለጠፈ ማንም መልሶ አይጠይቅም።

ኤግዚቢሽኑ የሚከፈትበትን ቀን ጻፍልኝ፣ እመጣለሁ።