ከአሪዞና ይዘውት የወጡት ሳል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እኔ 67፣ ባለቤቴ 71 ዓመታችን ነው። ሚኒሶታ ነው የምንኖረው። ጡረታ ከወጣን ወዲህ የበረዶውን ወራት በሞተር ሆማችን፣ ማለትም ቤትም መኪናም በሆነው ተሽከርካሪያችን፣ አሪዞና ሄደን እናሳልፋለን። አሁን ወደ ቤታችን እየተመለስን አልበከርኪ፣ ኒው ሜክሲኮ ቆመናል። ባለቤቴ ካሳ ግራንዴ ሳለን የጀመረው ደረቅ ሳል ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሌሊት ያልበዋል፣ ይደክመዋል፣ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል፣ ሱሪውም ሰፍቶታል። አንድ ክሊኒክ የሳንባ ምች ነው ብለው አንቲባዮቲክ ሰጥተውት ነበር፤ ጨርሶታል፣ ለውጥ ግን የለም። የስኳርና የደም ግፊት ሕመም አለበት። በሚነዳበት ቀን የሚያሸናውን ኪኒን ይተዋል፣ ውሃም አይጠጣም፤ «መንገድ ላይ ያስቸግረኛል» ይላል። መኪናው ትልቅ ስለሆነ እኔ አልነዳውም። እሱ ቤት ደርሼ የራሴን ሐኪም አያለሁ ባይ ነው። ልጆቻችን ደግሞ ቲቢ እንዳይሆን ፈርተው የልጅ ልጆቻችንን ሊያገናኙን አመንትተዋል። መንገዱን እንቀጥል ወይስ እንቁም?

መልስ፦ ይቁሙ። ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ባለቤትዎ እዚያው አልበከርኪ የደረት ኤክስሬይ ይነሡ፣ ደምም ይስጡ። ሳላያቸው ይህ ነው ብዬ መፍረድ አልችልም፤ ነገር ግን ደብዳቤዎን ሳነብ አንድ በሽታ ከሌሎቹ ቀድሞ መጣብኝ።

ረጅም ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ በአንቲባዮቲክ ያልተመለሰ «የሳንባ ምች»፣ በዚህ ላይ በደቡብ አሪዞና በረሃ የከረመ ሰው። የፊኒክስ ሐኪም ይህን ቢሰማ ቫሊ ፊቨር መሆኑን ሳይጠረጥር አያልፍም። በሽታውን የሚያመጣው በደረቅ አፈር ውስጥ የሚኖር ኮክሲዲዮይዲስ የተባለ ፈንገስ ነው። አፈሩ በነፋስ፣ በቁፋሮ ወይም በመኪና ጎማ ሲነሣ ዓይን የማያያቸው የፈንገሱ ዘሮች ከአቧራው ጋር ወደ ሳንባ ይገባሉ። ከፊኒክስ እስከ ቱሳን ያለው ምድር ዋና መገኛው ሲሆን የከረማችሁበት ካሳ ግራንዴም ከሁለቱ ከተሞች መካከል ነው። ሕመሙ የሚጀምረው አቧራው ከተተነፈሰ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ከብዙዎቹ የክረምት እንግዶች ጋር አብሮ ይጓዝና መንገድ ላይ ወይም ቤታቸው ከገቡ በኋላ ይወጣባቸዋል።

ቤት እስክትደርሱ መጠበቁን ያልወደድኩት ስለዚህ ነው። የሚኒሶታ ባልደረቦቼን ማማት አይሁንብኝና፣ ቫሊ ፊቨርን ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ ላያዩ ይችላሉ። ሚያዝያ ላይ የሚያስል የ71 ዓመት ሰው ሲመጣላቸው የሚታያቸው ጉንፋን፣ የሳንባ ምች ወይም ካንሰር ነው። ክረምቱን የት አሳለፉ ብሎ የሚጠይቅ ካልተገኘ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ፈንገስን አይነካም። በሽታው በኒው ሜክሲኮም ስለሚገኝ የአልበከርኪ ሐኪሞች ስሙ እንግዳ አይሆንባቸውም። ቢሆንም እስኪጠየቁ አይጠብቁ። ሐኪሙ ሰላም ብሎ እንደተቀመጠ «አሪዞና በረሃ ከርመናል፣ የቫሊ ፊቨር ምርመራ ይደረግልን» ይበሉ። ምርመራው በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚፈልግ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባዶ ሊወጣ ስለሚችል፣ «የለም» ቢባሉና ሳሉ ቢቀጥል ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይደገም።

ልጆቻችሁ ቲቢን መፍራታቸው አላስገረመኝም፤ እኔም ብሆን ከግምት አላወጣውም። በልጅነት ሰውነት የገባ የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ አንቀላፍቶ ኖሮ በእርጅና፣ በተለይም ከስኳር ሕመም ጋር፣ ሊነቃ ይችላል። ስለዚህ አክታ ይመርመር። እዚህ ላይ ግን አገራችን ተወልደን ያደግን ሰዎች ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። የቲቢ የቆዳ ወይም የደም ምርመራ «ፖዘቲቭ» ቢወጣ የሚናገረው ባክቴሪያው በሆነ ዘመን ሰውነት ውስጥ መግባቱን እንጂ የዛሬው ሳል ከእሱ መምጣቱን አይደለም። ቫሊ ፊቨርና ቲቢ ኤክስሬይ ላይ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ትውልዱ ኢትዮጵያ የሆነ ሰው የሌሊት ላብና ሳል ይዞ ሲቀርብ ሐኪሙ ቲቢ ላይ ተተክሎ ሌላውን ሊረሳ ይችላል። ሁለቱም ይፈለጉ። የአክታው ውጤት እስኪመጣ ባለቤትዎ ሰው ባለበት ማስክ ያድርጉ፣ የልጅ ልጆቹም ይጠብቁ። ቫሊ ፊቨር ብቻ ሆኖ ከተገኘ ከሰው ወደ ሰው በትንፋሽም ሆነ በማዕድ አይተላለፍምና ልጆቹን ያለ ስጋት ማቀፍ ይቻላል።

ብዙ ሰው በቫሊ ፊቨር ተይዞ ሳያውቀው ይድናል፤ ከታመሙትም ብዙዎቹ ያለ መድኃኒት ያገግማሉ። ባለቤትዎን በዚህ ተርታ አስቀምጬ መዘናጋት ግን አልፈልግም። ዕድሜያቸው፣ የስኳር ሕመማቸው፣ በተጨማሪም በጥቁር ሕዝቦች ላይ በሽታው ከሳንባ ወጥቶ ወደ ቆዳ፣ ወደ አጥንትና ወደ አንጎል ሽፋን የመዛመት ዕድሉ ከፍ ማለቱ ሐኪሙን ወደ ሕክምና የሚያደሉ ምክንያቶች ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚታዘዘው ፍሉኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ለወራት ይወሰዳል። ይህ መድኃኒት ከሌሎች ጋር ይጣላል፦ ግሊፒዛይድን ከመሰሉ የስኳር ኪኒኖች ጋር ስኳርን ከመጠን በላይ ሊያወርድ፣ ከአንዳንድ የኮሌስትሮል መድኃኒቶች ጋር ጡንቻን ሊጎዳ፣ ደም እንዳይረጋ ከሚሰጠው ዋርፋሪን ጋር ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ የመድኃኒት ጠርሙሶቹን ሁሉ በአንድ ከረጢት ይዛችሁ ቅረቡ። ሳሉን ለማስታገስ ተብሎ ፕሬድኒዞን የተባለው የስቴሮይድ መድኃኒት ቢታዘዝ ደግሞ ፈንገስ አለመኖሩ ከመረጋገጡ በፊት አይጀመር። የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል፣ ስኳርንም ይሰቅላል።

የሚያሸናው ኪኒን ነገር በዚህ ላይ ይጨመራል። መጸዳጃ ቤቱን ከኋላው እየጎተተ ሽንት የሚፈራ ሾፌር ማየት ያስቃል፤ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ውሃ ሳይጠጡ ለሰዓታት መሪ ይዞ መቀመጥ እግር ውስጥ ደም እንዲረጋ መንገድ ይከፍታል። ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መጓዝ ይህን አደጋ እንደሚያሳድግ የታወቀ ነው፤ አውሮፕላን ብቻም አይደለም፣ መኪናም ያው ነው። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከገባ እሱም ሳልና የትንፋሽ ማጠር ያመጣል። ዛሬ ማታ ሁለቱንም እግሮቻቸውን ጎን ለጎን አስተያይተው ይመልከቱ። አንደኛው ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ሲነካ ካመመ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶች እኩል ካበጡ ምናልባት የተተወው ኪኒን ውጤት ነው፤ እሱንም ለሐኪሙ ይንገሩ። ኪኒኑን ከመተው ይልቅ የዕለቱ ጉዞ ካበቃ በኋላ ከሰዓት ላይ መዋጥ ይቻል እንደሆነ ፋርማሲስቱን ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ልባቸው ደካማ ነው ተብለው ከነበረ ግን ይህን ያለ ሐኪማቸው አታድርጉት።

ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ደረታቸውን ከወጋቸው፣ ደም ካሳላቸው፣ ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር ጋር ከመጣ ወይም ንግግራቸው ከተዛባ 911 ይደውሉ። አውራ ጎዳና ላይ ከሆናችሁ በመንገዱ ዳር ካለችው ትንሽ ሰሌዳ የማይሉን ቁጥር ያንብቡላቸው። ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ ጥሩ ቁጥር ስላሳየች ብቻ አይረጋጉ፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ ልታነብ ትችላለች።

ሐኪሙ ሂዱ ካለ እሳቸው አይንዱ። ከልጆቻችሁ አንዱ ወደ አልበከርኪ በርሮ መሪውን ይረከብ። ትኩሳትና ላብ ያለበት፣ ስኳሩ የሚዋዥቅ ሰው ያንን የሚያህል መኪና ይዞ ሺህ ማይል ሊያልፍ አይገባም። መንገዱን በተመለከተ፣ በኮሎራዶ በኩል ከሆነ ሬተን መተላለፊያ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ የአዲስ አበባ ከፍታ ማለት ነው። «እኛ ደገኞች ነን» አይበሉኝ፤ ሚኒሶታና አሪዞና ቆላ ከኖረ ሰውነት ጋር የደገኛነቱ ነገር አብቅቷል። በኢንተርስቴት 40 ወደ ኦክላሆማ ሲቲ፣ ከዚያ በ35 ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን መሄዱ ከመጀመሪያው ሽቅብ በኋላ እያደር ዝቅ የሚል ነውና ለታመመ ሳንባ ይቀላል።

ስለ ወጪ ካሰቡ፣ መደበኛው ሜዲኬር (መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) በየትኛውም ግዛት ሜዲኬርን ከሚቀበል ሐኪም ጋር ይሠራል። በግል ኩባንያ በኩል የሚሰጠው ሜዲኬር አድቫንቴጅ ከሆነ ድንገተኛ ሕክምናን የትም ይሸፍናል፤ ለሌላው ምርመራ ግን በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር አስቀድመው ይደውሉ።

ሳይጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ሰሜን ስትወጡ ሌሊቱ ገና በረዶ ይሠራል። ሞተር ሆሙ ውስጥ ለቡናም ሆነ ለዕጣን ከሰል እንዳታያይዙ፣ ለማሞቂያ ብላችሁማ ጭራሽ። በተዘጋ ጠባብ ቤት ውስጥ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ እንቅልፍ ላይ ያሉትን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ጀበናውን ምድጃው ላይ ጣዱት፣ መስኮት ከፈት አድርጉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያው ላይ የታተመውን የማብቂያ ዓመትም እዩት።

ከአልበከርኪ ስትወጡ የኤክስሬዩን ምስል በሲዲ ተቀብላችሁ፣ የደም ውጤቱንም በወረቀት ይዛችሁ ውጡ። ቫሊ ፊቨር ሲድን ሳንባ ላይ ለዓመታት የሚቆይ ትንሽ እብጠት ሊተው ይችላል። ወደፊት ሌላ ሐኪም ያንን አይቶ ካንሰር ነው ብሎ መርፌ ከማስገባቱ በፊት፣ የዛሬው ምስል አጠገቡ ቢኖር አዲስ ወይም አሮጌ መሆኑን አስተያይቶ ያውቃል።