«ዳይኖሰሩስ የታለ?»

ጥያቄ፦ ባለፈው እሑድ የ7 ዓመት ልጄን ብሔራዊ ሙዚየም ወሰድኩት። ሉሲን አየና ዞር ዞር ብሎ «ዳይኖሰሩስ የታለ?» አለኝ። «እኛ አገር ዳይኖሰር አልነበረም» ብዬ ተገላገልኩ። ማታ ግን ከነከነኝ። እውነት አልነበረም?
(አንዲት እናት፣ ከኮተቤ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ልጅዎን ይቅርታ ይጠይቁት። ነበረ።

ሙዚየሙ ውስጥ ያጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሉሲ የኖረችው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ዳይኖሰሮች የጠፉት ደግሞ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት። ሉሲ የተገኘችበት የሐዳር አፈር ለዳይኖሰር ገና ጨቅላ ነው። እዚያ ዳይኖሰር መፈለግ የትናንት ጋዜጣ ገልጦ የዐድዋን ዜና እንደመፈለግ ነው።

የኛዎቹ የተገኙት ሌላ ቦታ ነው፤ መርሐ ቤቴ፣ ዓለም ከተማ አካባቢ፣ የጀማ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ። እዚያ በሙገር ስም የሚጠራ የጭቃ ድንጋይ አለ፤ ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ። ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ ከዚህ ድንጋይ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ1999 አሳተሙ። ዓሣ አለ፣ አዞ አለ፣ የዳይኖሰር ጥርስም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጥርሶቹ ለብቻቸው ሲጠኑ የሥጋ በሉም የቅጠል በሉም ተገኙባቸው።

ጥርስ ብቻ ነው እንዴ እንዳይሉኝ። ልጅዎ በዚህ ዕድሜው የወተት ጥርሱን እያወለቀ ጣሪያ ላይ ሳይወረውር አይቀርም። እሱ አንዴ ይለውጣል፣ አበቃ። ዳይኖሰር ግን ዕድሜውን ሙሉ ያወልቃል፣ ይተካል። የጥርስ ሽፋን ደግሞ ከአጥንት ይጠነክራል። ስለዚህ አጥንቱ በስብሶ ጥርሱ ይተርፋል።

«ታዲያ ለምን ሌላ ቦታ አይገኝም?» ቢሉኝ፣ ደጋው ተከድኗል። ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ እሳተ ገሞራ ፈስሶ አሮጌውን አፈር በጥቁር ድንጋይ ቀበረው። ክዳኑን የገለጡልን ወንዞቹ ናቸው።

ይህን ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ነው። ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ስትወርዱ መጀመሪያ ጥቁሩ ድንጋይ ነው። ዝቅ ሲል ግራጫው የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ነጩ የጄሶ ድንጋይ፣ ወደ ድልድዩ ሲደርሱ ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ። የአውቶቡሳችን ጎማ ተንፍሶ መሃል መንገድ ላይ ቆምን። ተጠግቼ የኖራውን ድንጋይ ሳየው አውራ ጣት የምታህል ዛጎል፣ ሁለቱ ቅርፊቷ እንደተገጠመ፣ ድንጋዩ ውስጥ ተሰክታለች። ለሹፌሩ አሳየሁት። ክሪኩን ሳይለቅ አየት አደረጋትና «የኖኅ ውኃ ነዋ!» አለኝ። አልተከራከርኩም። ባሕር እንደነበረ ሁለታችንም ተስማምተናል፤ የተለያየነው በቀኑ ላይ ነው። (በነገራችን ላይ የሙገር ሲሚንቶም የሚሠራው ከዚሁ የኖራ ድንጋይ ነው። ቤትዎ ግድግዳ ላይ የዚያ ባሕር ወለል ሳይኖር አይቀርም።) ባሕሩ ሲሸሽ ወንዝና ረግረግ ተተካ። ጀማ ላይ ጥርሳቸውን የጣሉት እንስሳት የዚያን ጊዜ ነዋሪዎች ናቸው።

ሙሉ አጽም ከፈለጋችሁ ጎረቤት አለ። ታንዛኒያ ውስጥ ተንዳጉሩ የሚባል ኮረብታ ላይ፣ በዕድሜ ከኛው ጋር የሚቀራረብ ድንጋይ፣ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1913 ቆፍረው አጥንቱን በሰው ሸክም ሊንዲ ወደብ አደረሱት። ዛሬ በርሊን ሙዚየም ውስጥ ከ13 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አጽም ቆሟል። አጥንቱን የተሸከሙትን አፍሪካውያን ስም ግን ጎብኚው ሁሉ የሚያውቀው አይመስለኝም። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ለልጅዎ ሙዚየም ይቆየውና ዓባይ በረሃ ይውሰዱት። የኖራው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፣ ዛጎሏን ይፈልግ። ካገኘ ፎቶ አንሱና እዚያው ተዉት። ለዝንጀሮዎቹ ግን ሙዝ እንዳታሳዩ፤ መኪና ውስጥ ገብተው ይወስዱባችኋል።