ፖፑ እያሉ አንድነት ይመጣል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር፣ ፖፕ ሊዮ 14ኛ እና የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በርተሎሜዎስ በ2025 ኒቅያ ላይ አብረው ሲጸልዩ በቪዲዮ አይቼ እንባዬ መጣ። ለጓደኛዬ ሳሳየው ግን "ይሄ ለፎቶ ነው፣ ወይ ፖፑ ሥልጣናቸውን ይተዋሉ ወይ ሌላው እጁን ይሰጣል፣ ከዚህ ውጪ አንድነት የሚባል ነገር የለም" አለኝ። እውነቱን ነው እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ዝም ብሎ አላወራም። ፖፕ ጳውሎስ 6ኛ ራሳቸው በ1967 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልህ) በአንድነት መንገድ ላይ ትልቁ እንቅፋት ፖፑ መሆኑን ሳይሸፋፍኑ ተናግረዋል፣ ያውም በ1965 ከፓትርያርክ አቴናጎራስ ጋር ሮምና ቁስጥንጥንያ በ1054 የተወጋገዙበትን ውግዘት ያነሱት እሳቸው ሆነው። እኔ የማልስማማው ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው በሚለው ነው።

ሮም አንደኛ መቀመጧን እኮ ምሥራቆቹም (እነ ቁስጥንጥንያና ሞስኮ ያሉበት ኦርቶዶክሶች) አይክዱም። ጭቅጭቁ አንደኛ የሆነው ምን ማድረግ ይችላል የሚለው ላይ ነው። በ343 የሰርዲካ ጉባኤ ያወጣውን ቀኖና እይልኝ፣ ከመንበሩ የተሻረ ጳጳስ ተበደልኩ ካለ ለሮም ይግባኝ ይላል፣ ሮም ነገሩ እንደገና ይታይ ካለች ደግሞ የሚዳኙት በአቅራቢያው ያሉ ጎረቤት ጳጳሳት ናቸው፣ እሷ ከፈለገች የራሷን ቀሳውስት ልካ አብረው እንዲቀመጡ ታደርጋለች። ይሄ ባዶ ክብር አይደለም፣ የሁሉ አዛዥነትም አይደለም።

ቋጠሮው የጠበቀው በ1870 በአንደኛው የቫቲካን ጉባኤ ነው። ሰው ሁሉ የሚከራከረው ፖፑ አይሳሳቱም በሚለው ነው፣ እሱ ግን ከመንበራቸው ሆነው ስለ እምነትና ሥነ ምግባር ለመላዋ ቤተክርስቲያን ሲደነግጉ ብቻ የሚሠራ ነው፣ ከዛ ወዲህም በግልጽ የተሠራበት አንዴ ነው፣ በ1950 የእመቤታችን ፍልሰታ ሲደነገግ። ለእኔ ከባዱ ሌላኛው ነው፣ ፖፑ በእያንዳንዱ ሀገረ ስብከትና በእያንዳንዱ ምእመን ላይ ሙሉና ቀጥተኛ ሥልጣን አላቸው የሚለው። የራሱ ሲኖዶስ የመጨረሻ ውሳኔ ሰጪ ለሆነለት ኦርቶዶክስ ይሄ በገዛ ቤትህ ሌላ አባወራ መጣ እንደማለት ነው፣ እንቢ ቢል አይፈረድበትም።

ሮምም ይሄን ታውቃለች። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1995 ዋናውን ነገር ሳልተው የፖፑ ሥልጣን አሠራሩ እንዴት ቢሆን እንደሚሻል አብረን እንፈልግ ብለው የሌሎቹን አብያተ ክርስቲያናት መሪዎችና ሊቃውንት ጋበዙ፣ በ2016 ደግሞ የካቶሊክና የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ጣሊያን ኪየቲ ላይ አብረው ባወጡት ሰነድ በመጀመሪያው ሺህ ዓመት የሮም ጳጳስ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የቀኖና ሥልጣን እንዳልተጠቀመ ጻፉ፣ ካቶሊኮቹም ጭምር! ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን ወረቀት ብቻውን አያስታርቅም። ኦሪየንታሎቹን (የኬልቄዶንን ጉባኤ ያልተቀበሉትን፣ እንደ ኮፕትና እንደ እኛዋ ተዋሕዶ ያሉትን) ተመልከት፣ በ1973 ጳውሎስ 6ኛ እና የኮፕቱ ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ 3ኛ ስለ ክርስቶስ የጋራ መግለጫ ፈርመው በ451 ከተደረገው ከዚያ ጉባኤ ጀምሮ የኖረው ጠብ ብዙ ረግቦ ነበር፣ ከዛ ቫቲካን በ2023 መጨረሻ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶችን ስለ መባረክ ያወጣችውን ሰነድ ተከትሎ የኮፕት ሲኖዶስ በ2024 የነገረ መለኮት ውይይቱን አቆመ። አየህ፣ ሮም ለብቻዋ የምትወስነው ነገር ሌላው ቤት ድረስ ይሰማል፣ ያሳምማልም። (ፕሮቴስታንቶቹን አልረሳኋቸውም፣ ከሉተራውያን ጋር በ1999 ስለ ጽድቅ የጋራ መግለጫ ተፈርሟል፣ በፖፑ ሥልጣን ላይ ግን ገና ሩቅ ናቸው።)

በምሥራቁም በኩል እውነቱ ይነገር። በ2018 የሞስኮ ፓትርያርክነት የዩክሬን ቤተክርስቲያን ራሷን ትቻል በሚለው ጉዳይ ከቁስጥንጥንያ ጋር ኅብረቱን ሲያቋርጥ ሁለቱን ጠርቶ የሚያስቀምጥ፣ ሁለቱም እሺ የሚሉት ሰው አልተገኘም፣ እስካሁንም አልተገኘም፣ ምእመኑ ነው መሀል ላይ የተጎዳው። እኔ ይሄን ባሰብኩ ቁጥር የሰርዲካው ቀኖና ነው ትዝ የሚለኝ፣ ይግባኝ የሚሰማ ግን በሰው ሀገረ ስብከት ገብቶ የማያዝ አንደኛ። ሮም እዛ ድረስ ትመለስ እንደሆነ፣ ምሥራቁም እንዲህ ዓይነቱን አንደኛ ከልቡ ይቀበል እንደሆነ ነው ጥያቄው። እኔ ይቻላል ብዬ አምናለሁ፣ በእኛ ዕድሜ ይሆናል ብዬ ግን ልዋሽህ አልፈልግም። ከጓደኛህ ጋር ስትገናኙ ፎቶውን ተዉትና ከዚህ ቀኖና ጀምሩ።