የሺታኬ እንጉዳይ ድኝ ድኝ ሸተተኝ፤ ልድፋው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለጾም ብዬ ከእስያ ሱቅ የደረቀ ሺታኬ እንጉዳይ ገዛሁ። ማታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ፍሪጅ አሳደርኩት። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ድኝ ድኝ ሸተተኝ። እህቴ «ተበላሽቷል፣ ድፊው» አለችኝ። ዋጋው ግን አሳሳኝ። ምን ይሻለኛል?
(አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ ኧረ እንዳይደፉት! ሺታኬን ሺታኬ የሚያሰኘው እኮ ይሄው ሽታ ነው። የእህትዎ አፍንጫም አልተሳሳተም፤ ድኝ በእርግጥ አለበት። ውህዱ ሌንቲዮኒን ይባላል። አንዱ ሞለኪውል 2 የካርቦን፣ 4 የሃይድሮጂንና 5 የድኝ አቶሞች አሉት። ከሺታኬ ለይተው ያወጡት ሞሪታና ኮባያሺ የተባሉ ጃፓናውያን ናቸው፤ ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1966 አሳትመዋል።

እኔን ሁሌ የሚገርመኝ አፈጣጠሩ ነው። ያልተነካ ትኩስ ሺታኬ ያን ያህል አይሸትም። ውስጡ ያለው ሌንቲኒክ አሲድ ሽታ የለውም። እንጉዳዩ ሲከተፍ፣ ወይም ደርቆ እንደገና ውሃ ሲጠጣ፣ የራሱ ኤንዛይሞች አሲዱን ይሰባብሩታል። ከዚያ የሚወጡት የድኝ ውህዶች እርስ በርስ ተያይዘው ሌንቲዮኒን ይሆናሉ። ነጭ ሽንኩርትም ጠባዩ እንዲሁ ነው፤ ሳይነካ ዝም ይላል፣ ሲደቆስ ቤቱን ያውደዋል።

በቀዝቃዛ ውሃ መዘፍዘፍዎ ደግ አደረጉ። ብዙ ሰው ሲቸኩል የፈላ ውሃ ይገለብጥበታል። ያኔ እንጉዳዩ ይለሰልሳል፣ ኤንዛይሞቹ ግን ሥራቸውን ሳይጨርሱ በሙቀቱ ይሞታሉ። ጠረኑም ሳይመጣ ይቀራል።

የዘፈዘፉበትን ውሃም ያስቀምጡት። ከሥሩ አሸዋ ሊኖር ስለሚችል በጥሩ ጨርቅ ያጥልሉት። ሌንቲዮኒን ብዙ ሲንተከተክ ይጠፋል። ስለዚህ ውሃውን ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምረው ትንሽ ያንተክትኩት። ግንዱ ስለሚጠነክር ቆርጠው ያውጡት።

የሚደፋውማ ሻጋታ ያወጣው፣ የተሙለጨለጨው ወይም የኮመጠጠ ሽታ ያለው ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ እንጉዳዩን በደንብ ያብስሉት። ሺታኬን ጥሬውን ወይም ሳይበስል የሚበሉ አንዳንድ ሰዎች፣ በአለንጋ የተገረፉ የሚመስል የሚያሳክክ ሽፍታ ቆዳቸው ላይ ይወጣባቸዋል።