በፋሲካ ማታ የምትጠፋው ልጅ፦ መንፈሳዊ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ለምትጽፍ ጠያቂ

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 27 ነው። ሜሪላንድ እኖራለሁ፤ በአንድ አነስተኛ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በእንግሊዝኛ መንፈሳዊ ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ እየጻፍኩ 42 ሺህ ቃላት ደርሻለሁ። ታሪኩ በኦሪት የታዘዙትን የአይሁድ በዓላት ስለሚያከብር ቤተሰብ ነው፤ በፋሲካ ማታ፣ ራት ላይ እንዳሉ፣ ትንሿ ልጃቸው ትጠፋለች። ስድስት ወር የሚያኖረኝ ገንዘብ አለኝ። ሥራዬን ለቅቄ ልጨርሰው? ለማንስ ልላከው? በዓላቱን አሳስቼ እንዳልጽፍም ፈርቻለሁ።»

መልስ፦ ሥራሽን አትልቀቂ። የስድስት ወር ገንዘብሽ የሚያልቀው የመጀመሪያው መልስ ሳይመጣልሽ ነው። አንድ የሥነ ጽሑፍ ወኪል (የጸሐፊን ረቂቅ ለአሳታሚ የሚያቀርብ ሰው) ናሙና አንብቦ ለመመለስ ሁለትና ሦስት ወር ቢወስድ የሚያስገርም አይደለም፤ አሳታሚ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ወራት አሉ፤ ውል ከተፈረመ በኋላም መጽሐፉ እጅ እስኪገባ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይሄዳል። ቅድሚያ ክፍያውም ቢሆን አንዴ አይሰጥም፤ ሲፈረም፣ ረቂቁ ተቀባይነት ሲያገኝ፣ ሲታተም እየተባለ ይከፋፈላል። አሁን የያዝሽውን ሥራ ይዘሽ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 500 ቃላት ብትጽፊ ከ42 ሺህ ወደ 85 ሺህ የምትደርሺው በ17 ሳምንት ገደማ ነው። ያጠራቀምሽውን ገንዘብ ለአርታዒና በዓላቱን በትክክል መጻፍሽን ለሚያይልሽ አይሁዳዊ አንባቢ ክፍያ አቆዪው፤ ያኔ ያስፈልግሻል።

የት ይላክ የሚለው በርዝመቱና በፍቅር ታሪኩ ይወሰናል። በአሜሪካ የክርስቲያን መጻሕፍት ገበያ ሰፊ መደርደሪያ ያላቸው ቤተኒ ሀውስ፣ ሬቬል፣ ቲንዴል፣ ቶማስ ኔልሰን የመሳሰሉት አሳታሚዎች ናቸው። ከእነዚህ አብዛኞቹ ያለ ወኪል የመጣ ረቂቅ አይቀበሉም፤ ለልብ አንጠልጣይ የሚፈልጉት ርዝመትም ከ80 እስከ 100 ሺህ ቃላት አካባቢ ነው። ሃርለኩዊን የተባለው አሳታሚ የሚያወጣው ላቭ ኢንስፓየርድ ሰስፔንስ፣ የክርስቲያን የፍቅርና ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ተከታታይ፣ ግን ያለ ወኪል በቀጥታ ያነባል፣ ርዝመቱም 55 ሺህ ቃላት አካባቢ ነው። አንቺ 42 ሺህ ላይ ስለሆንሽ ይህ አጭሩ መንገድ ሊመስልሽ ይችላል። ነገር ግን እዚያ ቤት የወንዱና የሴቷ ፍቅር የታሪኩ ግማሽ አካል እንጂ ማጣፈጫ አይደለም። ያንቺ ታሪክ እናትና አባት የጠፋች ልጃቸውን የሚፈልጉበት ነው። ፍቅረኞችን በግድ ከጨመርሽበት ሁለቱንም ታበላሺዋለሽ፤ ስለዚህ ወደ 85 ሺህ አሳድገሽ ወኪል ፈልጊ። በሁለቱም ገበያ ስድብ፣ ግልጽ የወሲብ ትዕይንትና ደም የበዛበት ጭካኔ አያልፍም። ፍርሃቱ መምጣት ያለበት አንባቢ ከሚያውቀውና ባለታሪኩ ከማያውቀው ነገር ነው።

አሁን ወደ በዓላቱ ልምጣ፤ ሙያሽን የሚያስመሰክረውም የሚያጋልጥሽም ይኸው ክፍል ነው።

በመጀመሪያ ቤተሰቡ ማን እንደሆነ ወስኚ። ደብዳቤሽ ላይ አልገለጽሽውም፤ ረቂቁም ላይ ካልገለጽሽው ችግር አለ። የረቢዎችን ሥርዓት የሚጠብቅ አይሁዳዊ ቤተሰብ፣ ኢየሱስን መሲሕ ብሎ የተቀበለ አይሁዳዊ ቤተሰብ፣ አይሁዳዊ ያልሆነ ግን የዘሌዋውያን 23 በዓላትን የሚያከብር ክርስቲያን ቤተሰብ፤ ሦስቱ በአንድ ማታ ሦስት ዓይነት ገበታ ላይ ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ፀሐይ ስትጠልቅ ስልኩን ያስቀምጣል፣ መኪና አይነዳም። ሦስተኛው ምናልባት ማዕዱን ፎቶ አንሥቶ ለዘመድ ይልካል። ሴራሽ በስልክ ላይ ከተንጠለጠለ ይህ ልዩነት ሁሉን ይለውጠዋል።

ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ልጅ ጠፍታ፣ ሃይማኖተኛው አባት በዓል ነውና ፖሊስ ልጥራ ወይስ አልጥራ እያለ ይጨነቃል። እውነተኛው አባት ለአፍታ አያመነታም። በአይሁድ ሕግ ነፍስ ማዳን ሰንበትንም በዓልንም ይሽራል፤ ደውሎ መኪናውን አስነሥቶ ይወጣል። ይህን ስሕተት ያየ አይሁዳዊ አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ጭንቀቱን ከፈለግሽ ሌላ ቦታ ፈልጊው፤ ለምሳሌ ጎረቤቶች ሁሉ ስልካቸውን ስለዘጉ ምስክር የሚሆን ሰው የሚገኘው በር ለበር በማንኳኳት ብቻ ቢሆንስ?

የፋሲካ ራት ሥርዓቱ ራሱ ሴራ ይሰጥሻል። ገበታው ላይ ሦስት ያልቦኩ ቂጣዎች ይደረደራሉ። መካከለኛው ይቆረሳል፤ ትልቁ ቁራሽ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደበቃል። ይህ ቁራሽ አፊቆማን ይባላል። ከምግቡ በኋላ ልጆች ይፈልጉታል፤ በአንዳንድ ቤት ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ሰርቀው ደብቀው ካልተሸለሙ አይመልሱትም። እሱ ካልተበላ ራቱ አይዘጋም፤ የሚበላውም ከእኩለ ሌሊት በፊት ነው። ከዚያ የምስጋና ጸሎት፣ በራቱ ከሚጠጡት አራት የወይን ጽዋዎች ሦስተኛው፣ ቀጥሎም ለነቢዩ ኤልያስ በሩ ይከፈታል። አራተኛው ጽዋ መጨረሻ ላይ ነው።

ይህን ቅደም ተከተል ልብ በይው። ልጅቷ ከገበታ ተነሥታ ወደ ጓዳ ብትሄድ ማንም ቀና ብሎ አያያትም፤ አፊቆማን ፍለጋ ነዋ። ብትዘገይም ብልጠቷን አይተው ይስቃሉ። ራቱ ግን ያለ እሷ መቀጠል አይችልም፤ ሰዓቱም ወደ እኩለ ሌሊት ይገፋል። የኤልያስ በር ገና አልተከፈተም። እናትየዋ ልትፈልጋት ስትነሣ የፊት በሩን ገርበብ ብሎ ብታገኘው፣ በዓሉን የሚያውቅ አንባቢ ደሙ ቀጥ ይላል፤ የማያውቀውም ቀደም ባለ ምዕራፍ ላይ የዓምናውን ራት አሳይተሽ ካስተማርሽው አብሮ ይደነግጣል። ትምህርቱን ግን በአባትየው ረጅም ንግግር አትጫኚው። በልጅ ጥያቄ አምጪው፤ በራቱ ላይ ጥያቄ የሚጠይቀው በልማዱ የቤቱ ትንሽ ልጅ ነው።

ከራቱ በፊት ባለው ማታም ጥሩ ትዕይንት አለ። እርሾ ያለበት ነገር ከቤት ሲወገድ፣ በብዙ ቤተሰብ ዘንድ 10 ቁራሽ ዳቦ ሆን ተብሎ በየጥጉ ይቀመጣል። መብራት ጠፍቶ በሻማ ይፈለጋል፤ በላባ እየተጠረገ በእንጨት ማንኪያ ይሰበሰባል፤ ጠዋት ይቃጠላል። 10 ተቀምጦ 9 ብቻ ቢገኝ መጽሐፍሽ በዚያ ሊከፈት ይችላል።

ጨረቃዋን ተጠንቀቂ። የአይሁድ ወር በጨረቃ ስለሚቆጠር ፋሲካ ኒሳን 15 ላይ፣ የዳስ በዓልም ቲሽሪ 15 ላይ ሲውሉ ጨረቃዋ ሙሉ ናት። «ድቅድቅ ጨለማ ነበር» ብለሽ ከጻፍሽ ቢያንስ ደመና አምጪ። የእውነት ጨለማ የሚያስፈልግሽ ከሆነ የወሩ መጀመሪያ ላይ የሚውለው ሮሽ ሃሻና፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ይሻልሻል። እ.ኤ.አ. 2026ን ከመረጥሽ ደግሞ መልካም አጋጣሚ አለ፤ ሮሽ ሃሻና የሚገባው መስከረም 1 ቀን 2019 ዓ.ም.፣ ማለትም በእኛ እንቁጣጣሽ ዕለት፣ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ኢትዮጵያዊት ጎረቤት ካለችሽ ሁለቱ በዓላት በአንድ ኮሪደር ይገናኛሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ቀን ሰንበት ላይ ስለዋለ ወግ አጥባቂ ምኩራቦች በዚያ ቀን ቀንደ መለከት አይነፉም፤ በማግሥቱ እሑድ ነው የሚነፉት። ባለታሪክሽን በቅዳሜ መለከት ድምፅ ካባነንሻት ተሳስተሻል። ቀኑንና ዓመቱን ሳትናገሪ ማለፍም ይቻላል፤ ከጠቀስሽ ግን አስልተሽ ጥቀሺ። የዕለቱ መጀመሪያም ማታ ነው፤ በአሜሪካ የሚታተም የግድግዳ ካላንደር ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የማግሥቱን ቀን ስለሆነ ራቱን በአንድ ቀን ታዘገዪዋለሽ።

ሌሎቹን በዓላት በዚህ መጽሐፍ አትንኪያቸው። ሰባቱንም በአንድ ልቦለድ ማሳለፍ የጀማሪ ምኞት ነው፤ ታሪኩ የሰንበት ትምህርት ቤት ክፍል ይመስላል። ተከታታይ መጽሐፍ ካሰብሽ፣ 25 ሰዓት የሚጾምበትና የቆዳ ጫማ የማይደረግበት ዮም ኪፑር፣ የስርየት ቀን፣ አንድ መጽሐፍ ይወጣዋል። ጣሪያው ከተቆረጠ ቅጠል ብቻ የሚሠራው፣ ከፀሐዩ ጥላው መብዛት ያለበት፣ ሌሊት ግን ኮከብ የሚታይበት ዳስ ሌላ ይወጣዋል።

ሥነ መለኮቱ ላይ ሁለት ነገር ልበልሽ። አንደኛ፣ ዛሬ የሚታወቀው የራት ሥርዓት ቅርጹን የያዘው ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰ በኋላ ነው። አባትየው «ጌታችን በመጨረሻው ራት የቆረሰው ይህንኑ አፊቆማን ነው» ቢል የእሱ እምነት ይሁን፤ ተራኪው እንደ ታሪክ እውነት እንዳያቀርበው። ሁለተኛ፣ የክርስቲያን አሳታሚ አርታዒ ስለ በዓልና ስለ ሰንበት ማንም አይፍረድባችሁ የሚለውን ቆላስይስ 2፥16ን አስቦ ነው የሚያነብሽ። ባለታሪኮችሽ በዓላቱን በደስታ ያክብሩ፤ ሌላው ክርስቲያን ሁሉ ግዴታ አለበት የሚል ስብከት ከገባ ግን ረቂቁ ይመለሳል። በሌላ በኩል ብዙ አይሁድ ክርስቲያኖች የእነርሱን ራት ወስደው ትርጉሙን ሲለውጡት ቅር ይላቸዋል። ይህን ቅሬታ የሚናገር አይሁዳዊ ሰው መጽሐፉ ውስጥ አስገቢ፤ በመጨረሻው ምዕራፍ እንዲጠመቅ ብቻ የተፈጠረ ግን አይሁን።

ኢትዮጵያዊቷን ጎረቤት ከቤተ እስራኤል ካደረግሻት፣ ትዝታዋን በሥርዓቱ ጻፊው። በጎንደር መንደሮች ፋሲካ ቄሶቹ የሚመሩት፣ በግ የሚታረድበት፣ ትኩስ ቂጣ የሚጋገርበት በዓል ነበር፤ ከላይ የዘረዘርኩት የረቢዎች ራትና የሐኑካ ሻማ ግን የዚያ ወግ አልነበረም። ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ የሚውለው ስግድ ግን የራሳቸው ነው፤ በእስራኤልም እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የአገር በዓል ሆኗል።

ስትጨርሺ የምትልኪው አንድ ገጽ የመግቢያ ደብዳቤ፣ መጨረሻውን ሳይደብቅ የሚናገር አንድ ወይም ሁለት ገጽ የታሪክ ማጠቃለያ፣ እና የመጀመሪያዎቹን ሦስት ምዕራፎች ነው። ክርስቲያን ወኪሎች ብዙ ጊዜ ስለ ገበያው፣ ስለ አንቺና ስለ አንባቢሽ የሚገልጽ ሰነድም ይጨምራሉ። የመጀመሪያ ልቦለድ ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ አይላክም። ጽሑፉ በታይምስ ኒው ሮማን 12፣ በድርብ መስመር፣ በሁሉም ጎን አንድ ኢንች ኅዳግ ይሁን። በአንድ ጊዜ ለአምስት ወይም ለስድስት ወኪል ላኪ፤ ሁሉም ያለ አስተያየት እምቢ ካሉ ችግሩ ደብዳቤው ወይም የመጀመሪያዎቹ አምስት ገጾች ላይ ነው፤ እነሱን አስተካክለሽ ቀጣዮቹን ሞክሪ። አሜሪካን ክርስቲያን ፊክሽን ራይተርስ የተባለው ማኅበር ጀነሲስ የሚል ውድድር ላልታተሙ ጸሐፊዎች ያዘጋጃል፤ ባታሸንፊም የዳኞች አስተያየት ታገኛለሽ።

ጥቅስ ስታስገቢ ትርጉሙን ምረጪ። ኪንግ ጄምስ በአሜሪካ ከመብት ነጻ ነው። ኤን አይ ቪ የተባለው ዘመናዊ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ እስከ 500 ቁጥር ያስጠቅሳል፤ ጥቅሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ መጻሕፍት አንዱን በሙሉ እንዳይሆንና ከጽሑፍሽ 25 በመቶ እንዳይደርስ ይጠይቃል። የዘመኑን መዝሙር ግጥም ግን አንድ መስመርም ቢሆን ያለ ፈቃድ አታስገቢ።

ከወኪልና ከአሳታሚ ጋር ስትሠሪ ገንዘብ ወደ ጸሐፊ ይመጣል እንጂ ከጸሐፊ አይወጣም። ወኪል የሚያገኘው ከገቢሽ 15 በመቶ ነው፤ «ለማንበብ ክፈዪ» ካለ ተዪው። «መጽሐፍሽን መርጠነዋል፣ ለኅትመቱ ይህን ያህል አዋጪ» የሚልሽም፣ ደብዳቤው በጸሎት ቢጀምርም፣ የኅትመት ደንበኛ እየፈለገ ነው። ራስሽ ለማሳተም ከወሰንሽ አማዞን ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለሚሸጥ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ 70 በመቶ ይከፍላል፣ ከዚያ ውጭ 35 በመቶ ነው፤ ሽፋኑና አርትዖቱ ግን ከኪስሽ ነው። ለአይሁዳዊ አንባቢም ክፈዪ፤ ሙሉውን ረቂቅ ማስነበብ ካልቻልሽ የራቱን ምዕራፎች ብቻ ስጪ፤ ክፍያውንም ከማንበቡ በፊት ተነጋገሩ።

ውል ሲመጣ የሮያሊቲው (ከሽያጩ የሚደርስሽ ድርሻ) መቶኛ ከመጽሐፉ ዋጋ ነው ወይስ አሳታሚው በትክክል ከተቀበለው ገንዘብ ብለሽ ጠይቂ፤ በክርስቲያን አሳታሚዎች ዘንድ ሁለተኛው የተለመደ ነው፣ ልዩነቱም ትንሽ አይደለም። የትርጉም መብት የሚለውንም አንቀጽ አንብቢ። አሳታሚው የአማርኛውን መብት ወስዶ ሳይሠራበት ሊያስቀምጠው ይችላል፤ መብቱ በእጅሽ እንዲቀር፣ እምቢ ካሉም በተወሰነ ዓመት ካልተጠቀሙበት እንዲመለስልሽ ወኪልሽ ያስጽፍ።