ቤታቸው ስትገቡ

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ነርሲንግ ወይም ሶሻል ወርክ ጨርሳችሁ ዲሲና ባልቲሞር ሥራ የምትጀምሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከምታገለግሏቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። እኔም ዕድሜዬን የጨረስኩት ከእነሱ ጋር በመሥራት ነው። ቆዳችን ስለተመሳሰለ ብቻ የምታውቋቸው እንዳይመስላችሁ። እኔ መስሎኝ ነበር።

ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር የደም ግፊት ያለባቸውን አንዲት አረጋዊት እናት ቤታቸው ሄጄ እንዳይ ተላክሁ። በሩ ሲከፈት በስማቸው ጠራኋቸው፤ በስማቸው ብቻ። አሜሪካ ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራል ሲባል ሰምቼ ነበር። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። የጠየቅኳቸውን ሁሉ «አዎ» «አይ» እያሉ መለሱና ሸኙኝ። መድኃኒታቸውን ይውሰዱ አይውሰዱ እንኳ ሳላውቅ ወጣሁ።

ነገሩን ያስረዳችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ እሷም ጥቁር አሜሪካዊት ናት። እኚህ እናት ያደጉት ደቡብ ካሮላይና፣ ጥቁርና ነጭን በሚለያየው ሕግ ዘመን ነው። ያኔ ነጮች ጥቁርን ሴት «ሚስ» ወይም «ሚስስ» አይሏትም ነበር። ሸምግላም ቢሆን እንደ ልጅ በስሟ ይጠሯታል። «አንቱ» እያልን ላደግን ለእኛ ይሄ ሊጠፋን አይገባም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሼ «ሚስ» ብዬ ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ዝም ብለው አዩኝና ወደ ማድ ቤት ወሰዱኝ።

ድስቱ ላይ የነበረው ጎመን ነው! እኛ እዚህ አገር ጎመን በሥጋ የምንሠራበት ያው ቅጠል። እሳቸው በጭስ ከደረቀ የአሳማ ሥጋ ጋር ለሰዓታት ይቀቅሉታል። ጨዉ ያለው ሥጋው ውስጥ ነው። ከክሊኒክ የተሰጣቸው ወረቀት «ጨው ይቀንሱ» ይላል፤ እሳቸውም ጨው መነስነስ ትተዋል። ስለ ድስቱ የጠየቃቸው ግን የለም። ጎመኑን ይተዉ አላልኳቸውም፤ የእናታቸው ጎመን ነው። እኛ በጾም እንዴት እንደምንሠራው ነገርኳቸው፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ዘይት። እሳቸው ኮምጣጤ ጨመሩበት። ሥጋው ለበዓል ቀረ።

ታዲያ ይህን አንብባችሁ ሁሉንም ስለ ጎመን እንዳትጠይቁ፤ ጎመን የማይወድ ሞልቷል። በየቤታችን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የሚወራውን ክፉ ወሬ ደግሞ ውጭ ጥላችሁት ግቡ። በ1965 የወጣው፣ ለብዙዎቻችን በር የከፈተው የኢሚግሬሽን ሕግ የመጣው በእነሱ ትግል ዘመን ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዶቹን ክሊኒክ ተቀምጣችሁ ብትጠብቁ አታገኟቸውም። ፀጉር ቤት ግን ታገኟቸዋላችሁ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ52 ፀጉር ቤቶች፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ 319 ጥቁር ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት በ2018 ታትሟል። በአንዱ ወገን ፋርማሲስት ራሱ ፀጉር ቤት እየመጣ፣ ከሐኪማቸው ጋር ተስማምቶ መድኃኒት ያዝላቸዋል። በሌላው ወገን ፀጉር አስተካካዩ «ሐኪም ዘንድ ሂድ» ብሎ ይመክራል። በስድስት ወር የላይኛው የግፊት ቁጥር በመጀመሪያው ወገን በአማካይ በ27 ወረደ፤ በሌላው በ9 ገደማ። ግፊቱን ያወረደው መድኃኒቱ ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። መድኃኒቱ የተዋጠው ግን ለዓመታት የሚያምኑት ሰው ወንበር ላይ ስለመጣላቸው ይመስለኛል።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። ከአራት ወር በኋላ መሳቢያቸውን ከፍተው ከሞላ ጎደል ያልተነኩ የመድኃኒት ብልቃጦች አሳዩኝ። «ምን እየሞከሩብኝ እንደሆነ ማን ያውቃል?» አሉኝ። ይሄን ስትሰሙ አጉል ጥርጣሬ ነው ብላችሁ አትለፉ። አላባማ፣ ተስኪጊ ውስጥ የአሜሪካ መንግሥት የጤና ክፍል ከ1932 ጀምሮ ወደ 600 የሚጠጉ ጥቁር ወንዶችን ለጥናት ይዞ ነበር። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። «መጥፎ ደም ነው» ተባሉ እንጂ እውነቱ አልተነገራቸውም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ፔኒሲሊን የታወቀ መድኃኒት ሆኖ ሳለ እንኳ አልተሰጣቸውም። ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ የቆመው በ1972 ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው።

ያለፈ ታሪክ ብቻም አይደለም። የኩላሊት አቅም የሚለካበት ስሌት ለጥቁር ሰው ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያወጣ ነበር። ኩላሊቱ ከእውነቱ የተሻለ ስለሚመስል ለንቅለ ተከላ ወረፋ ዘግይቶ የተመዘገበ ሰው አለ። ስሌቱ እንዲቀየር የተወሰነው ገና በ2021 ነው። የእናንተ አባቶች ኩላሊትም የተለካው በዚያው ስሌት ነው።

ሴትዮዋን አልተከራከርኳቸውም። አንዱን ክኒን ሞክረው እንደነበር፣ ራሳቸውን አዙሯቸው እንደተዉት የነገሩኝ ቆይተው ነው። ለሐኪሙ ስደውል ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥኩት። ሐኪሙ የሚለውን እያንዳንዱን ቃል ሰሙ። ሦስት ጥያቄ ጠየቁት፤ ሦስቱንም ራሳቸው።