ጠይቁን፦ አዝማሪን በቴሌቪዥን ማክበር

ጥያቄ፦ አንጋፋ ማሲንቆ ተጫዋቾችን ደሴ ላይ በቴሌቪዥን ልንሸልም ነው። አምስት እጩ አቅርበን ተመልካች በኤስ ኤም ኤስ ይምረጥ ብለናል። አይሪሾች ለባህል ሙዚቀኞቻቸው ተመሳሳይ ዝግጅት አላቸው ሲባል ሰማን፤ እንዴት ያደርጉታል?

መልስ፦ ኤስ ኤም ኤሱን ተዉት። የአይሪሾቹ ሽልማት «ግራደም ክዮል» ይባላል፤ የሚያዘጋጀው በአይሪሽ ቋንቋ የሚያሰራጨው ቲጂ ፎር ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ሲጀመር የዓመቱ ሙዚቀኛ የተባሉት የዶኔጋሉ ቫዮሊን ተጫዋች ቶሚ ፒፕልስ ነበሩ። እዚያ ተሸላሚ አይመዘገብም፣ አይወዳደርም። ኮሚቴ ይመርጠዋል፤ ስሙ ከዝግጅቱ ቀደም ብሎ ይነገራል፤ በዕለቱም ከመረጣቸው ጓደኞቹ ጋር ይጫወታል። ለመወዳደር የፈለገ ፍላ ክዮል የሚባል ሌላ መድረክ አለው፤ እሱም እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ያለ ነው። እናንተ ሁለቱን ቀላቅላችኋል። የሰባ ዓመት አዛውንት ካሜራ ፊት ተቀምጠው «አላለፉም» ሲባሉ ክብሩ የቱ ላይ ነው?

የአምባሰልን ቅኝት ከባቲ ቅኝት በጆሮው የሚለይ አምስት ሰው ሰብስቡ፤ የእጩ ዘመድ አይግባ። ተሸላሚውን ከስድስት ሳምንት በፊት ንገሩት፤ አጃቢውን ራሱ ይምረጥ። ለጨዋታው ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ ስጡት። በሁለት ደቂቃ ትዝታ መግቢያዋም አያልቅ፤ ዳይሬክተሩ የሚቆርጠው ደግሞ ግጥሙ መጣፈጥ ሲጀምር ነው።

ድምፁ ላይ ብዙ ዝግጅት የሚበላሸው በኪቦርድ ነው። ኪቦርዱ ወደ ማሲንቆው ይምጣ እንጂ ማሲንቆው ወደ ኪቦርዱ አይሂድ፤ የቅኝቱን ልዩነት በግማሽ ድምፅ እርምጃ በኪቦርዱ ትራንስፖዝ ቁልፍ፣ ከግማሽ ድምፅ ያነሰውን በቲዩኒንግ ማስተካከል ይቻላል። ማይኩን ከቆዳው ፊት ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር አርቃችሁ በትንሹ አዘንብሉት። ከዚያ ከቀረበ የደጋኑ ፍትጊያ ዜማውን ይውጠዋል፤ ከራቀ የአዳራሹ ጩኸት ይገባል። ሞኒተሩ (ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበት ድምፅ ማጉያ) የማይኩ ጀርባ በሚያይበት በኩል ይሁን፣ አለዚያ ያፏጫል። ለዘፈኑ ሌላ ማይክ አድርጉ። ካሜራው በሴኮንድ 25 ፍሬም ከቀረጸ ሻተሩን (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ላይ አድርጉት፤ መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በሌላ ፍጥነት ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ላይ ቀረጻ ነበረን። ልምምድ ላይ ልክ የነበረው ማሲንቆ መድረክ ላይ ቅኝቱ ከፍ አለ። ተጫዋቹ አጥፍቶ ነው?

መልስ፦ የለም፣ መብራቱ ነው። የመድረክ ሙቀት የማሲንቆውን ቆዳ ሲያደርቀው ይወጠራል፣ ጅማቱንም ወደ ላይ ይገፋዋል። ጅማቱ ራሱም የፈረስ ጭራ ስለሆነ ሲደርቅ ያጥራል። ሁለቱ ተደምረው ድምፁን ያወጡታል። እርጥብ የደሴ ጉም ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፦ ይላላል፣ ይወርዳል። መሣሪያው ከቀረጻው 45 ደቂቃ ቀድሞ በበራው መብራት ሥር ይቀመጥ፤ የመጨረሻው ቅኝት እዚያው ይቃኝ። ኤል ኢ ዲ መብራት ካገኛችሁ ሙቀቱ በጣም ይቀንሳል። በተረፈ በየጨዋታው መሐል ለመቃኛ አንድ ደቂቃ ተዉለት፤ አስተዋዋቂው ያን ጊዜ ያውራ።